የተረፈና የተመረጠ

ባለፈው ፋሲካ እናቴን ዋሸኋት። የዋሸሁባት ነገር ትንሽ ነው፤ መዳፍ የምትሞላ ቀይ የጎማ ማኘኪያ፣ ለቡችላ የተሠራች። «ስንት ገዛሃት?» ስትለኝ የዋጋውን አንድ አሥረኛ ነገርኳት። በአንድ አሥረኛውም ደነገጠች። «ለውሻ?» አለች፤ ደግማም «ለውሻ!» አለች። እኔ ሳቅ ብዬ ወሬ ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ጥያቄ አልለቅህም ብሎኛል። ያደረግሁት ነገር ትክክል ከሆነ ለምን ዋሸሁ? ስህተት ከሆነስ፣ ነገም ቢሆን ደግሜ እንደማደርገው ለምን ይሰማኛል?

ከመጀመሪያው ልጀምር። የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ እንጀራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። ቤተሰቦቼ ያሉት ደብረ ኤልያስ ነው፣ ምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ። የደብረ ኤልያስ ስም ከሁሉ በላይ የሚነሳው በቅኔ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከማሳተማቸው ከብዙ ዓመታት በፊት የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ ይኸው ነው። አያቴም ልጅ ሳሉ ቅኔ ፍለጋ ከሌላ አገር በእግራቸው መጥተው እዚህ የቆሎ ተማሪ ሆኑ። ሳያስመሰክሩ ጎጆ ወጡና ገበሬ ሆነው ቀሩ።

በሁዳዴ አጋማሽ አባቴ ደወለ። ቡችላ አምጥቷል። ያለፈው ውሻ በእርጅና ከሞተ ወዲህ ጅብ አጥሩ ድረስ መምጣት ጀምሮ ነበር። ቡችላው ግን ጅብ ከማባረሩ በፊት ቤቱን መብላት ጀመረ። የአያቴን አልጋ አንድ ጠፍር በጠሰ፣ የእናቴን ኮንጎ ጫማ ተረከዙን ገመጠ፣ የስልክ ቻርጀር ገመድ ለሁለት ከፈለ። ደግነቱ ሶኬት ላይ አልተሰካም ነበር፤ ተሰክቶ ቢሆን ታሪኩ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። አባቴ «ዱላ ያስፈልገዋል» አለ። እኔ «ጥርስ እየቀየረ ነው» አልኩት።

ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አለው። ከሦስት ወይም ከአራት ወሩ ጀምሮ እነዚያ እየወለቁ በ42 ቋሚ ጥርስ ይተካሉ፤ ሥራው የሚያልቀው ስድስት ሰባት ወር ሲሞላው ነው። በእነዚህ ወራት ድዱ ያሳክከዋል፣ ያመዋልም፤ ማኘክ ያስታግስለታል። በዚያ ላይ ቡችላ እጅ የለውም። ሕፃን ዕቃ አንስቶ አገላብጦ እንደሚያየው፣ እሱ ዓለምን የሚያገላብጠው በአፉ ነው። የሚያኘክ ነገር ካጣ የልጆችን እጅ ያኝካል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገር ደግሞ ያ ቀልድ አይደለም፤ ስለዚህ ከማንኛውም መጫወቻ በፊት ክትባቱ ይቀድማል። ለማንኛውም፣ ማኘኩ አይቀርም። የቀረው ምርጫ ምን ያኝክ የሚለው ነው፤ ይህን የምንመርጠው ደግሞ እኛ ነን። ከእናቱ ጉያ አውጥተን አጥር ውስጥ ያስገባነው እኛ፣ በአጥሩ ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ የኛ፣ ሲነካው የሚመታው እሱ።

ሰው ለእንስሳ ዕዳ አለበት ወይ በሚለው ፈላስፎች ብዙ ተከራክረዋል። ካንት፣ ውሻውን የሚበድል ሰው የሚያቆስለው በራሱ ውስጥ ያለውን ሰብአዊነት ነው ይል ነበር። ቤንታም ደግሞ በፈረንጆች 1789 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ስለ እንስሳ መጠየቅ ያለበት ማሰቡ ወይም መናገሩ ሳይሆን ስቃይ የሚሰማው መሆኑ ነው ብሎ ተከራከረ። የኔ ጥያቄ ከዚህ ክርክር በኋላ የሚመጣ ተራ ጥያቄ ነው። እሺ፣ ዕዳ አለብኝ። እና በእጄ ምን ይዤ ልምጣ? መልካም ልብ ይዤ ብመጣ ይበቃል?

እንደማይበቃ አውቃለሁ። የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ቡናማ ውሻ ነበረን። ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ድረስ ወጥቶ ይቀበለኝ ነበር። የዚያን ዓመት ፋሲካ፣ ሌሊት ጾም ተፈትቶ ዶሮ ወጥ ሲበላ፣ አጥንቱን አንድ በአንድ ሰብስቤ፣ ከወንድሞቼ ደብቄ ወሰድኩለት። 55 ቀን የጾምነው እኛ ብቻ አልነበርንም፤ ቤቱ ሲጾም ውሻውም ይጾማል። በጨለማ ሲያደቅቀው የሚሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። በማግስቱ ምግብ እምቢ አለ። ሆዱ ተወጥሮ፣ ጀርባውን አጉብጦ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ጎረቤቶች «ለጅብ የተቀመጠ መርዝ በልቶ ነው» አሉ። እኛም አመንን።

የበሰለ አጥንት ምን እንደሚያደርግ ያነበብኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አጥንት እሳት ላይ ሲቆይ፣ እንዳይሰበር ጠብ እርግብ የሚያደርገው ኮላጅን የሚባለው ነገር ይጎዳል። ከዚያ በኋላ ሲነከስ እንደ ስንጥር ይሰነጠቃል፤ ስንጥሩም ጉሮሮ ወይም አንጀት ይወጋል። የዶሮ አጥንት ቀጭን ስለሆነ የባሰ ነው። ወጡ ውስጥ ያለው ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል። ይህን ባነበብኩበት ቀን ኮምፒውተሩን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ።

ያን ሌሊት ፍቅር አልጎደለኝም ነበር። የኔ ቢጤ ልጅ ሥጋውን ሳይጨርስ አጥንት ለውሻ ማስቀመጡ በራሱ ፍቅር ነው። የጎደለኝ አንድ ጥያቄ ነው። አጥንቱ ለኔ አብቅቶለት ነበር፤ ስለዚህ ለሱ ሆነ። «ለኔ ያስፈልገኛል ወይ?» ብዬ ጠይቄያለሁ፤ «ለሱ ይሆነዋል ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁም። የተረፈን መስጠትና የተመረጠን መስጠት ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ሁለቱም ላይ እጅ ይዘረጋል፤ ሁለቱም ላይ ጭራ ይቆላል። ልዩነቱ የሚታየው ተቀባዩ ሲነክሰው ነው።

እንግዲህ አዲስ አበባ ላይ ያችን ቀይ ጎማ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ የዞርኩት ይህን ይዤ ነው። ዋጋዋን አልናገርም፤ ለአንድ ተማሪ የዓመት ደብተር ይገዛል ብል ይበቃል። መንገዱ ሰላም ነው የተባለበትን ቀን ጠብቄ፣ ዓባይን ተሻግሬ፣ በጸሎተ ሐሙስ ቤት ደረስኩ። ዋሸሁ። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ አባቴ «ለማኘኪያ ገንዘብ ማውጣት ምን አመጣው? ግቢው ሞልቶ የለ እንዴ?» አለና ያገኘውን ሁሉ ሰብስቦ ፊቴ ደረደረው።

ክርክሩ ትክክለኛ ነው። በዚያ ላይ ለኔ የለመድኩት ሥራ ነው። አንድ ፕሮግራም ለሰው ከመለቀቁ በፊት ቴስት ይደረጋል፤ ጥሩ ቴስት ማለት ደግሞ ተጠቃሚው መቼም አያደርገውም ብለህ ያሰብከውን ነገር ቀድመህ ማድረግ ነው። ቡችላ በዓለም ላይ ካሉ ተጠቃሚዎች ሁሉ የከፋው ነው። መመሪያ አያነብም፣ አይሰለችም፣ የተገነጠለለትን ሁሉ ይውጣል። አባትና ልጅ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለን ዕቃዎቹን አንድ በአንድ አየናቸው።

በረባሶ ቀደመ። ከመኪና ጎማ የተሠራ ስለሆነ አይበገርም፤ እኔም ልቤ ሄዶ ነበር። አባቴ ጠርዙን በቢላ ሲሸረክተው ግን ከውስጡ የናይለን ክር ፈጦ ወጣ፤ አንዳንዱ ጎማ ውስጥማ ቀጭን ሽቦም አለ። አባቴ ራሱ «ይሄስ ለእግር ነው የተሠራው» ብሎ አስቀመጠው። ሌላም ችግር አለው። ቡችላ አሮጌ ጫማና አዲስ ጫማ አይለይም፤ አንዱን ፈቅደህለት በሌላው ብትመታው ጥፋተኛው አንተ ነህ።

የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ፍሬው ተፈልፍሎ የሚቀረው፣ ቀላልና ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን ሆድ ውስጥ አይፈጭም፤ የተዋጠው ቁራጭ አንጀት ይዘጋል። የእንስሳት ሐኪሞች በቀዶ ጥገና ከውሻ ሆድ ከሚያወጧቸው የታወቁ ነገሮች አንዱ ነው። የሃይላንድ ጠርሙስ ሲሰነጠቅ ጠርዙ ምላጭ ይሆናል፣ ክዳኑም ይዋጣል። የቃጫ ገመድ ክሩ ይመዘዛል፤ ረጅም ክር አንጀት ውስጥ ሲገባ፣ የሱሪ ማሰሪያ ሲሳብ ወገቡ እንደሚሰበሰበው፣ አንጀቱን ጨምድዶ ይሰበስበዋል። ጠፍር በምራቅ ሲርስ ያብጣል፣ ይልማል፤ የተቆረጠው ቁራጭ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። የሚገርመው፣ ውጭ አገር ደረቅ ቆዳ የውሻ ማኘኪያ ተብሎ ይሸጣል፤ ውድ መሆን ማለት ተመርጧል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ገባኝ። የበሬ ቀንድና ሰኮና በተቃራኒው በጣም ጠንካራ ናቸው፤ የሚሰበረው ጥርሱ ነው።

እዚህ ላይ አባቴም እኔም ነገሩ ገባን። ማኘኪያ በሁለት መንገድ ይገድላል። በጣም ከላላ ተበጣጥሶ ወደ ሆድ ይገባል፤ በጣም ከጠነከረ ጥርስ ይሰብራል። ጥርስና ማኘኪያ ሲጋጠሙ አንዳቸው መሸነፋቸው አይቀርም፤ መራጩ ቀድሞ የሚወስነው ማን ይሸነፍ የሚለውን ነው። የቤታችን ቆጣሪ አጠገብ ያለው ፊውዝ ሥራው ቀድሞ መቃጠል ነው፤ እሱ ካልተቃጠለ ቤቱ ይቃጠላል። ጥሩ ማኘኪያም እንደዚያው ነው። በአውራ ጣት ጥፍር ጫን ሲሉት ትንሽ ገባ ይላል። ሲጎትቱትና ሲጠመዝዙት ቁራጭ አይለቅም። ከአፉ የሚበልጥ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ወደ ኋለኛው ጥርስ አይገባም፤ ቡችላው ባደገ ቁጥር እሱም መቀየር አለበት። ቀዳዳ ካለው ሁለት ነው፤ አንድ ብቻ ከሆነ አየሩ ይመጠጥና ምላሱን ይዞ ያስቀራል። ሲያልቅ ደግሞ ይጣላል። ይህን ሁሉ አሟልቶም ቢሆን ሰው አጠገቡ ሳይኖር አይሰጥም።

ቡችላው በበኩሉ የኛን ጉባኤ ትቶ ድንጋይ ማኘክ ጀምሮ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በ1970ዎቹ ጆ ማርክሃም የሚባል ሰው እንዲሁ ድንጋይ የሚያኝክ ውሻ ነበረው፤ ፍሪትዝ የሚባል፣ ከፖሊስ ሥራ የወጣ የጀርመን ሸፐርድ። ጥርሱ እያለቀ ነበር። ሰውዬው የፎልክስዋገን መኪናውን ሲጠግን ከእግሩ ሥር የፈታውን የጎማ ክፍል ወረወረለት። ውሻው ድንጋዩን ተወና ጎማውን ያዘ። ከዚያ ተነስቶ ነው በ1976 ኮንግ የሚባለው የማኘኪያ ጎማ ድርጅት የተመሠረተው። ለአባቴ ስነግረው ሳቀ፤ «በረባሶ ሠሪ ነዋ!» አለ። እውነቱን ነው። የሰውዬው ብልሃት ጎማውን ማግኘቱ ብቻ አይደለም፤ ውሻው የቱን እንደተወና የቱን እንደያዘ ቆሞ ማየቱ ነው።

አያቴ ይህን ሁሉ መደብ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ይሰሙ ነበር። በቀኝ ባታቸው ላይ የውሻ ጥርስ ጠባሳ አለ፤ የቆሎ ተማሪና ውሻ መቼም ተዋደው አያውቁም። «ውሻ ከጌታው ማዕድ የወደቀውን ፍርፋሪ ይበላል። በወንጌል ያለ ነው» አሉ። ከእሳቸው ጋር በመጽሐፍ መከራከር ለኔ አይሆንም። «አባባ፣ እርስዎስ በልጅነትዎ የበሉት ምን ነበር?» አልኳቸው። ነገር ፍለጋ አልነበረም፤ ወሬውን ለማስለወጥ ነው።

ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ቁራሽ» አሉ። ሰባት ወይም ስምንት ዓመታቸው ነበር። አኩፋዳቸውን ይዘው፣ ለምዳቸውን ለብሰው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው ደጅ ይቆማሉ። ውሻ ይጮኻል። ሰው ወጥቶ ቁራሽ ይሰጣል፤ አንዳንዱ የዕለቱን፣ ብዙው ደርቆ የሰነበተውን። «የፊት ጥርሴ ወልቆ፣ ሌላው ይነቃነቅ ነበር» አሉኝ። «አንዲት ሴት ደረቅ ቁራሽ ሰጠችኝ። ስገምጠው አፌን አየች። ቁራሹን ከእጄ መልሳ ወሰደችው። የከለከለችኝ መስሎኝ ላለቅስ ደረስኩ። ገብታ ውኃ ነክራ፣ አሽታ፣ ጨው ጣል አድርጋ አመጣችልኝ። ሌላ ነገር አልጨመረችም። ያው ቁራሽ ነው።»

ይህ ነገር የኔን ሐሳብ አረመው። እኔ የተረፈ መስጠት ክፉ፣ የተመረጠ መስጠት ደግ ብዬ ለሁለት ከፍዬው ነበር። የሴትዮዋ ቁራሽ ግን ትራፊ ነበር፤ ከቤቷ የተረፈ ደረቅ እንጀራ። ወደ ምርጫ የለወጠው ውኃው ነው፤ ውኃውን ያመጣው ደግሞ አንድ ጊዜ የልጁን አፍ ማየቷ ነው። እንግዲህ ነገሩ ዋጋ አይደለም፤ አዲስነትም አይደለም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዙሪያው የተቀመቀመ ወፍራም አሮጌ ፎጣ ፈልጌ፣ ውኃ ነክሬ፣ ጠምዝዤ ቋጠርኩት። ማታ ውጭ ከድኜ አሳደርኩት፤ የደብረ ኤልያስ ሌሊት ፍሪጅ አያስፈልገውም። ጠዋት ለቡችላው ስሰጠው፣ ያንን ቅዝቃዜ በድዱ እየጨመቀ ዓይኑን ጨፈነ። ክር እንዳይመዘዝ አጠገቡ ተቀምጬ ጠበቅሁት፤ ዳሩ ሲሳሳ ወሰድኩበት። ዋጋው ዜሮ ብር ነው። የ12 ዓመት ልጅም ሊያደርገው ይችል ነበር፤ የሚነግረው ቢኖር።

ታዲያ ለምን ዋሸሁ? አሁን የሚመስለኝን ልናገር። እኔም እንደ እናቴ ነገሩን በዋጋው ስለመዘንኩት ነው። ከዚያም በላይ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ለአዲሱ ቡችላ ብቻ አልወጣም፤ ገሚሱ ለቡናማው ውሻ የተከፈለ ካሳ ነው። የሞተ ውሻ ካሳ አይቀበልም፤ እሱን እናቴ ፊት መናገር አፈርኩ። የደብተሩን ጥያቄም መሸሽ አልፈልግም። ደብተር የሌለው ልጅ እያለ ለውሻ ጎማ መግዛት ያሳፍራል ለሚለኝ፣ አዎ፣ ያሳፍራል። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጎማዋን ባልገዛ ኖሮ ገንዘቡ ደብተር አይሆንም ነበር፤ ሁለት ቅዳሜ ማታ አዲስ አበባ ውስጥ ይጠፋ ነበር። ውሻውና ልጁ በኔ ኪስ ውስጥ ተፎካካሪዎች አልነበሩም። ተፎካካሪያቸው እኔ ነበርኩ።

የባሰም አለ። የዛሬ ሁለት ዓመት ለታናሽ ወንድሜ አሮጌ ላፕቶፔን ላክሁለት። አዲስ ገዝቼ ስለነበር ለኔ አብቅቶለት ነበር። ባትሪው ሞቷል፤ ሶኬት ላይ ካልሆነ አይሠራም። መብራት እየሄደ በሚመጣበት አገር ባትሪ የሌለው ላፕቶፕ ምን ይሠራል? ወንድሜ ደውሎ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ጥሩ ነው» አለኝ። በዚህ ፋሲካ ሣጥን ሥር አየሁት፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ። ባትሪ መቀየር ብዙ አይጠይቅም ነበር፤ ቁራሹን ውኃ እንደመንከር ነው። ሰው ሲሰጡት ያመሰግናል፤ ምስጋናው ሰጪውን ከማየት ያድነዋል። ቡችላ አያመሰግንም። የማይሆነውን ብትሰጠው ወይ ይተፋዋል፣ ወይ ይታመምበታል። ስለዚህ መስጠትን ከሱ መማር ይቀላል፤ አይዋሽልህም።

ከመመለሴ በፊት አያቴ ቀይዋን ጎማ አቀብለኝ አሉኝ። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጫን አሏት፤ ገባ አለች። እሳቸው አሁን ጥርስ የላቸውም፤ እናቴ እንጀራውን በወጥ አርሳ ነው የምታቀርብላቸው። «ይቺስ ለኔም ትሆናለች» ብለው ለቡችላው ወረወሩለት።

ከወር በኋላ ለወንድሜ ባትሪ ገዝቼ ላክሁ። ያን ዕለት እናቴን ስልክ ላይ የጎማዋን እውነተኛ ዋጋ ነገርኳት። ትጮኻለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «አውቄያለሁ፤ መዋሸት መች ትችልና» አለች። ከዚያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማዳበሪያው አወራን። ልትዘጋው ስትል «እህ፣ ረስቼው» አለች። የቡችላውን አንድ የወተት ጥርስ ደጃፍ ስትጠርግ አግኝታዋለች።

«እና ምን አደረግሽው?»

«ምን አደርገዋለሁ» አለች። «እንደናንተው ጣሪያ ላይ ወረወርኩለት።»